ተጫዋችና ትምባሆ፤ ከደራ ሜዳ እስከ ጭላሎ ግርጌ

ከአዳማ ተነሥቶ ወደ አሰላ የሚወጣው መንገድ በአዋሽ መልካሳ በኩል አዋሽን ተሻግሮ፣ ገና የስምጥ ሸለቆውን ሙቀት ከላዩ ሳያራግፍ፣ ወደ ኢተያና ወደ ደጋው የሚያደርሰውንም ዳገት ሳይያያዘው፣ ግራር በበዛበት ደረቅ ምድር ላይ ደራን ያገኛታል። በዶዶታ ወረዳ ያለችው ይህች ከተማ ለብዙው መንገደኛ ሻይ ጠጥቶ፣ ውሃ ገዝቶ የሚያልፍባት ናት፤ ወደ አሰላ የሚቸኩል ሰው ዓይኑን የሚጥለው ከፊት ለፊቱ ደመና ተከናንቦ በሚታየው የጭላሎ ተራራ ላይ እንጂ በከተማው ዳር በተዘረጋው የኳስ ሜዳ ላይ አይደለምና። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ግን ያለው በሜዳው ላይ ነው።

በክረምት ወራት ተማሪው ከትምህርቱ ተሰናብቶ ወደ ወላጆቹ ሲመለስ፣ በአርሲ ከተሞች እንደሚሆነው ሁሉ በደራም የሰፈር ቡድኖች ይቋቋማሉ፤ ማልያ በመዋጮ ይገዛል፣ ዕጣ ይወጣል፣ ዳኛ ይለመናል። በእንዲህ ያለው ወራት እሑድ ከቀትር በኋላ በሜዳው ዳር የቆመ ሰው፣ ሽማግሌዎች ከዘራቸውን ተደግፈው፣ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው፣ የባጃጅ ነጂዎች ከነባጃጃቸው ቆመው ሲመለከቱ፣ ሕፃናቱ ደግሞ በኖራ ከተሰመረው መስመር ላይ ካልተቀመጥን እያሉ የመስመር ዳኛውን ሲያስቸግሩ ያያል። የዕረፍቱ ፊሽካ ሲነፋ፣ አሥር ቁጥር የለበሰውና ሕፃናቱ አርባ አምስት ደቂቃ ሙሉ በስሙ ሲጠሩት የቆዩት ወጣት ከመስመሩ ወጣ ይልና፣ ማስቲካና ሶፍት በሣጥን አንጠልጥሎ የሚዞረውን ሱቅ በደረቴ ይጠቅሳል፤ አንድ ፍሬ ሲጃራ ይገዛል፤ ክብሪቱን ተቀብሎ የሚያደርስለትም ታኬታውን ልያዝልህ እያለ ሲሻማ የነበረው የስምንት ወይም የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው።

«ልጄ፣ በዚህ ሁሉ ሕፃን ፊት?» ይላሉ አጠገቡ የቆሙት አዛውንት።

«አባባ፣ ሜዳ ውስጥ እኮ አይደለሁም» ይላል ወጣቱ፣ ሲጃራውን በአክብሮት ወደ ኋላው ሸሸግ አድርጎ፤ «ከመስመሩ ውጪ ነኝ።»

አዛውንቱ የሚመልሱለት ቃል ያጣሉ፤ እኔም ብሆን አጣለሁ። ወጣቱ ባለጌ አይደለም፤ ሲጃራውን መሸሸጉ ራሱ ነውሩን እንደሚያውቅ ይመሰክራል። መልሱም እንደ መልስ ሲመረመር ፍጹም ትክክል ነው፤ ጨዋታውን የሚገዛው ደንብ ከፊሽካ እስከ ፊሽካ፣ ከመስመር እስከ መስመር ነውና፣ ከዚያ ወዲያ ስላለው ግዛት ማንም አንዳች ቃል አልጻፈም። ከዚህ ቀጥሎ የምናትተው ስለዚህ ስላልተጻፈው ቃል ነው።

ሕግ የለም ማለቴ አይደለም። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅትን የትምባሆ ቁጥጥር ስምምነት በ2006 ዓ.ም. አጽድቃለች፤ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትም ጥር 28 ቀን 2011 ዓ.ም. ያጸደቀው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 በአፍሪካ ካሉት የትምባሆ ሕግጋት መካከል ከጠንካሮቹ የሚቆጠር ነው። በዚህ አዋጅ መሠረት በተዘጋ የሥራ ቦታና ሕዝብ በሚገለገልበት ቤት ውስጥ፣ በሕዝብ ማመላለሻም ላይ ማጨስ ክልክል ነው፤ ከእነዚህ ቤቶች በርና መስኮት በ10 ሜትር ክልል ውስጥ እንኳ ጭስ አይፈቀድም፤ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላ ሰው ትምባሆ አይሸጥም፤ ከማሸጊያው ገጽ 70 ከመቶው በሥዕላዊ ማስጠንቀቂያ እንዲሸፈን፣ የትምባሆ ማስታወቂያና የስፖንሰርነት ድጋፍም ፈጽሞ እንዲቀር ተደንግጓል። ቢራን ከራዲዮና ከቴሌቪዥን ማስታወቂያ ያወጣውም ይኸው አዋጅ ነው። አዋጁን ያረቀቁት ሰዎች ሊመሰገኑ ይገባል፤ ይሁን እንጂ በር ካለው ቤት 10 ሜትር መለካት ይቻላል፣ በርም ግድግዳም የሌለውን የደራን ሜዳ ግን ከየት ጀምረው ይለኩታል? አዋጁ ቦታን ይጠብቃል፤ የተጫዋቹን ሰውነትና ማልያውን ግን ለጨዋታው ባለቤቶች ትቶላቸዋል፤ እነርሱም እስከ ዛሬ አልተረከቡትም።

ከመንግሥት ኃይል የሚጠብቅ ሰው ካለ የታሪክ መጻሕፍትን ይመልከት። ከ1864 እስከ 1881 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ዮሐንስ ፬ኛ፣ ትምባሆን እንደ ርኩሰት ይቈጥሩ ከነበሩት ካህናት ጋር በአንድ ልብ ሆነው፣ ሱረት የሚስበውን አፍንጫውን፣ የሚያጨሰውን ከንፈሩን እስከ ማስቈረጥ የሚደርስ ቅጣት ያዘዙ እንደ ነበር በዘመኑ ያለፉ መንገደኞች ጽፈዋል። ቅጣቱ ከዚህ የከፋ ሊሆን አይችልም፤ ሆኖም ሱረቱም ጋያውም ከአገር አልጠፋም፤ ከንጉሡ ኅልፈት በኋላማ በግልጥ ወጣ። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ በገጠር ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ጋያቸውን አጠገባቸው አስቀምጠው ሲጫወቱ ማየት እንግዳ ነገር አልነበረም። ሰው የሚፈራው ቅጣት ፈጻሚው ዘወር ሲል አብሮ ዘወር ይላል፤ ሰው የሚያፍርበት ነገር ግን ከሰውየው ጋር ይኖራል። ክርስቲያኑ በካህኑ፣ ሙስሊሙ በሼኹ ፊት ሲጃራ የማይለኩሰው ፖሊስ ፈርቶ እንዳይደለ ሁሉም ያውቃል። የደራው ወጣት ሲጃራውን ከአዛውንቱ የሸሸገበት ሐፍረትም ከዚሁ ምንጭ የተቀዳ ነውና፣ ደንብ የሚጽፍ ሰው መነሻ አድርጎ ሊይዘው የሚገባው ይህንን እንጂ የዐፄውን ሠይፍ አይደለም።

የሥጋውን ነገር ደግሞ እንመርምር፤ በአርሲ ምድር ስለ ሳምባ መጻፍ በሌላ አገር ስለ ወርቅ እንደ መጻፍ ነውና። ከደራ ተነሥቶ ዳገቱን የያዘ ሰው አሰላ ሲደርስ ከባሕር ጠለል በላይ 2400 ሜትር ያህል ከፍ ብሏል፤ ወደ በቆጂ ከዘለቀም 2800 ሜትር ይጠጋል። ኃይሌ ገብረሥላሴ ደብተሩን በግራ ክንዱ አቅፎ ወደ ትምህርት ቤት ሲሮጥ ያደገው በዚሁ በአሰላ አካባቢ ነው፤ በሩጫው ጊዜ የግራ ክንዱን አጠፍ የሚያደርገው ከዚያ የተነሣ እንደ ሆነ ይነገራል። በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ አግኝታ በኦሊምፒክ የድል አክሊል የተቀዳጀች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት የሆነችው ደራርቱ ቱሉ፣ በአቴንስና በቤይጂንግ የነገሠው ቀነኒሳ በቀለ፣ በ2000 ዓ.ም. በቤይጂንግ አምስቱንና አሥሩን ሺህ ሜትር ደርባ ያሸነፈችው ጥሩነሽ ዲባባ ሁሉም የበቆጂና የአካባቢዋ ልጆች ናቸው። እነርሱን ከመሰሉ ልጆች ብዙዎቹን ገና በለጋነታቸው የኰተኰተው በበቆጂ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር የነበረው ስንታየሁ እሸቱ ነው። ዛሬም በአሰላ በጥሩነሽ ስም የተሰየመ የአትሌቲክስ ማሠልጠኛ ማዕከል ቆሟል። አንድ አውራጃ ለዓለም ይህን ያህል ሳምባ ካበረከተ በኋላ በገዛ ሜዳው ዳር ስለሚነሣው ጭስ ግድ የለኝም ቢል የሚያስገርም ነው።

የሲጃራ ጭስ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለውን ጋዝ ይዞ ይገባል፤ ይህም ጋዝ በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ኦክሲጅንን ከሚሸከመው ሄሞግሎቢን ጋር የሚጣበቀው ኦክሲጅን ራሱ ከሚጣበቀው ከ200 እጥፍ በላይ በሆነ ኃይል ነው። በመቀመጫው የገባ ባለጋራ በቀላሉ አይነሣምና፣ ሰውየው ካጨሰ በኋላ ንጹሕ አየር እየተነፈሰ እንኳ የዚህ ጋዝ ግማሹ ከደሙ እስኪወጣ አራትና አምስት ሰዓት ይፈጃል። እንግዲህ በዕረፍት ጊዜ የተለኰሰችው ሲጃራ በአሥራ አምስት ደቂቃ ውስጥ አታልቅም፤ ሁለተኛውን አጋማሽ ከተጫዋቹ ጋር ትጫወታለች፣ ማታም አብራው ወደ ቤቱ ትገባለች። ኒኮቲኑ ልብን ያስቸኩላል፣ የደም ሥርን ያጠባል። አየሩ እንደ አሰላና እንደ በቆጂ በሳሳበት ደጋ ደግሞ ነገሩ ይከፋል፤ ተራራው ከኦክሲጅኑ ከፍሎ ያስቀረውን ሲጃራው ዳግመኛ ከፍሎ ይወስዳልና። ለሩጫ የተወለደ ሰውነት በዚህ ሁኔታ ቢሮጥም፣ ቢያሸንፍም እንኳ፣ ተሸክሞ የሚሮጠው ዕዳ አለበት።

እንዲህ ሲባል ሁልጊዜ የሚመጣ አንድ መከራከሪያ አለ፤ «እገሌ እያጨሰ ታላቅ ተጫዋች ሆኖ የለም ወይ?» ይላሉ። አዎን፣ ሆኗል። በ1982 እ.ኤ.አ. የዓለም ዋንጫ የብራዚል ቡድን አምበል የነበረው ሶቅራጥስ፣ በትምህርቱ የሕክምና ዶክተር ሆኖ ሳለ አጫሽ ነበር፤ ዕውቀት ብቻውን ሲጃራ እንደማያስጥል ከእርሱ የበለጠ ምስክር አይገኝም። የኔዘርላንዱ ዮሐን ክራይፍም በተጫዋችነቱም በአሠልጣኝነቱም ዘመን ሲያጨስ ኖሮ፣ በ1991 እ.ኤ.አ. ልቡ ታሞ በቀዶ ሕክምና ከተረፈ በኋላ ሲጃራውን ጣለ። ከዚያም በካታሎንያ የጤና ባለ ሥልጣኖች በተዘጋጀ ማስታወቂያ ላይ ቀርቦ የሲጃራ ፓኮ እንደ ኳስ በእግሩ እያነጠረ በመጨረሻ በምት ሲያርቀው ታየ፤ በአሠልጣኞች መቀመጫ ላይም በሲጃራ ፈንታ ከረሜላ ይመጥ ጀመር። በ2016 እ.ኤ.አ. የሞተው ግን በሳምባ ካንሰር ነው። ከክራይፍ ሕይወት የምወስደው ምስክርነት የሕክምናው ብቻ አይደለም፤ ያው ሰው፣ በዚያው መቀመጫ ላይ፣ በዚያው ሕፃናት ሁሉ በሚያዩት ሥፍራ፣ በአፉ የሚይዘውን ነገር በመለወጡ ብቻ ትምህርቱ መለወጡን ልብ ይሏል።

የዓለም የስፖርት ማኅበራትም ወደዚህ አሳብ የመጡት ቀስ በቀስ ነው። የካልጋሪው የክረምት ኦሊምፒክ በ1988 እ.ኤ.አ. ከጭስ ነጻ ሆኖ ተካሄደ። በ1994 ዓ.ም. ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት ግንቦት 23 ቀን የሚከበረውን ትምባሆ የማይጨስበት ቀን ለስፖርት ሰጠው፤ በዚያችው ዕለት በሴኡል የተከፈተው የዓለም ዋንጫ ከትምባሆ ነጻ እንዲሆን ከፊፋ ጋር ተስማምቶ ነበር። ሴኔጋል የዓለም ሻምፒዮን የነበረችውን ፈረንሳይን 1 ለ 0 የረታችበትን ያን ጨዋታ የማያስታውስ የኳስ ወዳጅ ጥቂት ነው፤ ጭስ አለመኖሩን የሚያስታውስ ግን አላጋጠመኝም። መልካም ደንብ ከጸና በኋላ መኖሩ አይታወቅም።

ስለ ተጫዋቹ ራሱ ከሆነ ግን የበለጠ የሚያስተምሩን አሜሪካውያን ናቸው። የቤዝቦል ተጫዋቾች የሚያኝኩት ትምባሆ ከጨዋታው የማይለይ ልማድ ሆኖ ኖሯል፤ የታችኞቹ ሊጎች በ1993 እ.ኤ.አ. ከለከሉት፣ የላይኛው ሊግ ግን ከተጫዋቾቹ ማኅበር ጋር ሳይስማማ ምንም ማድረግ አልቻለም። ከታላላቆቹ ተጫዋቾች አንዱ የነበረው ቶኒ ግዊን በምራቅ ዕጢ ካንሰር ተይዞ፣ ደዌውንም ሲያኝከው በኖረው ትምባሆ አሳብቦ፣ በ2014 እ.ኤ.አ. በ54 ዓመቱ ከሞተ በኋላ ነው ልብ የተገዛው፤ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደ ሊጉ አዲስ የሚገቡ ተጫዋቾች እንዳይጠቀሙ፣ ነባሮቹ ግን እንዲታለፉ ተስማሙ። አንዳንዱ ይህን ግማሽ ሕግ ነው ብሎ ይነቅፈዋል። እኔ በጥበብ የተሠራ ነው እላለሁ፤ በሱስ የታሰረውን አዋርዶ ከማባረር ያልታሰረውን ከደጃፍ መመለስ ይቀላልና።

ከነዚሁ ሰዎች ዘንድ ዲስክ ጎልፍ የሚባል ሌላ ጨዋታ አለ፤ ሳሕን የመሰለ ዲስክ በዛፎች መካከል እየወረወሩ በሰንሰለት የተሠራ ቅርጫት ውስጥ በጥቂት ውርወራ ማግባት ነው። ኤድ ሄድሪክ የተባለ ሰው የመጀመሪያውን መጫወቻ በካሊፎርንያ በ1975 እ.ኤ.አ. ሠራ፤ በማግሥቱም ዓመት ማኅበሩን አቋቋመ። በአገራችን እምብዛም ያልታወቀ ቢሆንም፣ በደራ አጠገብ ያለውን የድልፈቀር ግራር የሚያውቅ ሰው ለዚህ ጨዋታ የሚስማማ ምድር እንደማናጣ ይገነዘባል። ይህንን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ የዲስክ ጎልፍ ተወዳዳሪዎች ሦስትና አራት ሆነው ለሰዓታት አብረው ይጓዛሉ፣ አብዛኛውንም ጊዜ ዳኛ ሳይከተላቸው እርስ በርሳቸው ይዳኛሉ፤ ስለዚህ በውድድር ጊዜ ትምባሆ ይከልከል ወይስ አይከልከል የሚለው ክርክር በእነርሱ ዘንድ ልክ እንደ ደራው ሜዳ በር የሌለው ክርክር ነው። ሜዳው ክፍት ነው፣ ተጫዋቹ ጎልማሳ ነው፣ ጭሱ ነፋስ ይወስደዋል ይላል አንዱ ወገን፤ ተወዳዳሪዬ ከእኔ ሸሽቶ የሚሄድበት የለውም፣ ሣሩ ደረቅ ነው፣ ቁራጩም እሳት ነው ይላል ሌላው። የበጋን ግራር በሚያውቅ ሰው ዘንድ የኋለኛው ወገን ቃል ይበልጥ ይሰማል።

ነገሩን ለጸረ ዶፒንግ ሰዎች እንተወው የሚልም አይጠፋም። የዓለም ጸረ ዶፒንግ ድርጅት ኒኮቲንን ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይከታተለዋል እንጂ አልከለከለውም፤ ሥራው ያልተገባ ብልጫን መከልከል ነው፣ ራስን መጉዳትንና ለሕፃን ክፉ ምሳሌ መሆንን መዳኘት አይደለም። ስለዚህ ከአዋጁም ከዶፒንግ ሕጉም በኩል የሚመጣ ረዳት የለም፤ ነገሩ ተመልሶ የሚያርፈው በውድድሩ አዘጋጆች ትከሻ ላይ ነው።

«ትልቁን ትቶ ትንሹን» ለሚሉኝም መልስ አለብኝ። መንግሥት በአንድ እጁ ሲከለክል በሌላው ሲሸጥ መኖሩ እውነት ነው፤ ኒያላ የተባለውን ሲጃራ የሚያመርተው የብሔራዊ ትምባሆ ድርጅት የመንግሥት ሀብት ሆኖ ኖሮ፣ የጃፓኑ ትምባሆ ኩባንያ በ2008 ዓ.ም. 40 ከመቶውን በ510 ሚሊዮን ዶላር፣ ከዚያም በ2010 ዓ.ም. ሌላ 31 ከመቶ ያህል በ434 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶታል። ነጋዴ ይህን ያህል ገንዘብ የሚያወጣው ገና ላላጨሰው ትውልድ እንጂ ላጨሰው አይደለም። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ትምባሆ የሚጠቀመው ጎልማሳ ከመቶ አምስት ብቻ ነበር፤ ከወንዶች 8.1፣ ከሴቶች 1.8 ከመቶ። እንግዲህ በደራ ሜዳ ዙሪያ ከቆመው ሕዝብ አብዛኛው አያጨስም፤ ገዢው ኩባንያ ተስፋ ያደረገው ይህንኑ ያላጨሰውን ብዙኃን ነው፤ ክብሪት ያቀበለው ልጅ ደግሞ ከእነርሱ ሁሉ ታናሹ ነው። ጫቱስ? ለሚለኝ፣ ጫትም በማልያ አይቃምም ብዬ እመልሳለሁ፤ ሲጃራው ብዙ ጊዜ የእርሱ ተከታይ መሆኑን ማን ያጣዋል?

እንግዲህ ደንቡ ምን ይበል? ማልያ የለበሰ ሁሉ፣ ተቀያሪውም ጭምር፣ አሠልጣኙና ዳኛው፣ የኮሚቴውም አባላት፣ ከጨዋታው መጀመሪያ እስከ መጨረሻው ፊሽካ፣ የዕረፍቱን ጊዜ ጨምሮ፣ በሜዳውም ሆነ በዙሪያው አያጨሱ፣ አያኝኩ፣ በእጃቸውም አይያዙ ይበል። አሠልጣኙን አስቀድሞ ይጥቀስ፤ እርሱ እያጨሰ የሚከለክለው ተጫዋች አይሰማውምና። ቅጣቱ ገንዘብ አይሁን፤ በመዋጮ ማልያ ከገዛ ልጅ ላይ ገንዘብ መውሰድ ግፍ ነው። ለመጀመሪያው ጥፋት ማስጠንቀቂያ፣ ለሁለተኛው ከዚያው ጨዋታ መውጣት ይበቃል። ሱቅ በደረቴው የዕለት እንጀራውን የሚፈልግ ድኻ ነውና ማስቲካውንና ሶፍቱን ይሽጥ፤ ሲጃራውን ግን በጨዋታው ሰዓት ከሣጥኑ እንዲያወጣ ኮሚቴው በጨዋ ቃል ይለምነው። ማጨስ ማቆም የሚሻ ተጫዋች ቢገኝ የሚነቅፈው ሳይሆን ወደ ጤና ጣቢያ አብሮት የሚሄድ ጓደኛ ያግኝ።

በደራ፣ በኢተያ፣ በአሰላና በበቆጂ የክረምት ውድድር የምታዘጋጁ ወንድሞችና እኅቶች፣ የውድድራችሁን ደንብ ዕጣ ከመውጣቱ በፊት ለቡድን መሪዎች ታነቡ የለምን? በሚመጣው ክረምት በዚያ ንባብ ላይ ይህችን አንቀጽ ጨምሩ፤ ከየቡድኑም ፊርማ ተቀበሉበት።